የእማማ ሱፐርቫይዘር

ሱፐርቫይዘር የሚባለውን ስም የተዋወቅሁት አሜሪካ መጥቼ አይደለም። ደብረ ብርሃን አራተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ያኔ ሱፐርቫይዘር ማለት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላክ፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ ከልጆቹ ጋር ተጣቦ የሚቀመጥ፣ ፈገግ የማይል ሰውዬ ነበር። የመጣ እንደሆነ ዘበኛው ደወሏን ያለ ሰዓቷ አንዴ ነካ ያደርጋታል፤ እኛ መምህራን ይገባናል።

ትምህርት ቤቱ የነበረው የአፍሪካ ካርታ አንድ ብቻ ነው። ሰውዬው ሦስተኛ ክፍልን ጨርሶ በበረንዳው ዞሮ እኔ ጋ እስኪደርስ ካርታው በመስኮት ይሻገርልኛል፤ ቶሎ ብዬ ሰቅዬ ዓባይ በየት በየት እንደሚፈስ ሳሳይ ይደርሳል። ከእኔ ሲወጣ ካርታው በወዲያኛው መስኮት ወደ አምስተኛ ክፍል ይሄዳል። ያው አንድ ካርታ፣ ያው የተቀደደ ማዳጋስካር፣ በየክፍሉ ቀድሞት ሲጠብቀው ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ምንም አላለም። ለሁላችንም «መርጃ መሣሪያ አሟልተዋል» ብሎ ይሄዳል። ስለ ሱፐርቫይዘር የማውቀው ይኼን ነበር፦ እሱ ሊያይ ይመጣል፣ እኛ እንዳያይ እናደርጋለን፣ ከዚያ ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንገባለን።

እዚህ ስመጣ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ያልሆነ ሐበሻ ማግኘት ነው ከባዱ። እኔ በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ላይ ከጎኔ የተቀመጠውን ሥራውን ብጠይቀው ሱፐርቫይዘር ነው። ፓርኪንግ የሚሠራውም፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋውም ሱፐርቫይዘር ነው። «ማንን ነው የምትቆጣጠረው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። አንዴ ሮክቪል ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ሲላክ፣ ሽማግሌዎቹ ዘር ማንዘሩን ትተው «ልጃችን ሱፐርቫይዘር ነው» ብለው ጀመሩ። የልጅቷ አባት «የእኛዋም ናት» አሏቸው። ተሳሳቁና ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ዛሬ ወልደው ከብደዋል።

ሌላም ትርጉም አለው፤ ይኼኛውን የፈጠሩት አሜሪካኖቹ ናቸው። ሰው ሲናደድ «ሱፐርቫይዘር አቅርቡልኝ» ይላል። ኢንተርኔት ከጠፋ ሱፐርቫይዘር፣ ሾርባ ከቀዘቀዘ ሱፐርቫይዘር። የሚመጣው ሾርባውን ሊያሞቅ እንዳይመስላችሁ። ሊሰደብ ነው የሚመጣው። ቆሞ «ይቅርታ፣ ይገባኛል» እያለ ተሰድቦ ይመለሳል። እኔም አንዴ ስልክ ላይ ሱፐርቫይዘር አስጠርቼ ስጮህ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛ «እኅቴ፣ ዛሬ ደክሞሻል መሰለኝ» ሲለኝ አፍሬ ዘጋሁት።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ትርጉም ያለው ስም አንድ ቀን እኔ ደረት ላይ ተለጠፈ።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ክፍል አጽጂ ሆኜ ገባሁ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ገንዳ ስፈትግ ኖርኩና የነበረችው ሱፐርቫይዘር ሥራ ለቀቀች። ማናጀራችን ፊሊፒናዊት ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ አቧራ ግን ከዓይኗ አያመልጥም። ጠርታኝ አዲስ ባጅ ሰጠችኝ። ሥራው ቀላል ነው፦ ሴቶቹ ያጸዱትን ክፍል እየዞርኩ አያለሁ፤ ጥሩ ከሆነ ለእንግዳ ይለቀቃል፤ ካልሆነ ያጸዳችውን ጠርቼ አስደግማለሁ። በቃ ይኼው ነው።

ምሳ ሰዓት ብሬክ ሩም፣ ማረፊያ ክፍላችን ስገባ አንዷ ባጄን አይታ እልልታዋን ለቀቀችው። «ሹመት ያዳብር!» «ያዳብር!» አሉ ሌሎቹ። ከእኛ ጋር የሚሠሩት የኤልሳልቫዶር ሴቶች ምኑም ሳይገባቸው አጨበጨቡ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለች ሌላዋ፣ «ከእንግዲህ ፎቅ የምትመድቢልን አንቺ ነሽ፤ እኔን ዋናተኞቹ ልጆች ካረፉበት ፎቅ አውጪኝ!» ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኅቴ አገር ቤት ሆና በስልክ ስትሰማ «ቢሮ አለሽ ማለት ነው?» አለችኝ። አለኝ አልኳት። የአንሶላ መጋዘኑን አስቤ ነው።

ከሁሉም የበለጠ የተደሰቱት እማማ ነበሩ።

እማማ የምንላቸው ከመካከላችን ትልቋ ናቸው። ዕድሜያቸውን አይናገሩም፤ ጠይቀን አናውቅም። ወጣትነታቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሰው፣ ልጃቸው በዲቪ መጥታ አስመጣቻቸው። ልጅቷ ለሥራ ዴንቨር ስትሄድ «ይምጡ» ብትላቸው እምቢ ብለው ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ብቻቸውን ቀሩ። «ሥራዬ የቆመ ቀን ልጄ ጋ እሄዳለሁ» ይሉናል። «ልጄ ደግሞ ሶፋ ላይ ታስቀምጠኛለች። ሶፋ ላይ ተቀምጬ የሰው በረዶ ሳይ እሞታለሁ። እኔ ሠርታ የምታድር ሴት ነኝ፤ እወቁልኝ።» እናውቅላቸው ነበር። ያ ሥራ ለእሳቸው ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ በእግራቸው የመቆማቸው ነገር ነበር።

ባጄን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ካቦ ሆንሽልን በይኛ!» አሉኝ። ፋብሪካ ሳሉ አለቃቸውን እንዲያ ነበር የሚሉት። ግንባሬን ሳሙኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እኝህን ሴት ነው እንግዲህ የምቆጣጠረው?

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእማማ ሥራ ከቆየ ወዲህ ልክ አልነበረም። አልጋቸውን ይዘረጋሉ፣ ከእኛ ይበልጥ ይወጥሩታል፤ መስተዋቱ ላይ ግን የጨርቅ ዱካ ይቀራል፣ ገንዳው ውስጥ ፀጉር ይቀራል፣ ብርጭቆው ላይ የሰው ከንፈር ይቀራል። ታዲያ ማንም ምንም ሳይል፣ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ አንድ ዓይነት ደቦ ተጀምሮ ነበር። እማማ ከክፍሉ ወጥተው ጋሪያቸውን ሲገፉ ቅርብ ያለችው ሴት ሹልክ ብላ ትገባለች፣ ጠራርጋ ትወጣለች። የራሷ ሥራ እየቆየባት፣ ወገቧ እየተቆረጠ። የኤልሳልቫዶሮቹ እንኳ ለመዱት።

እኔ ስሾም ደቦው ሱፐርቫይዘር አገኘ ማለት ነው። ሌላዋን ሴት «ነይ ይኼን ድገሚው» እላለሁ፤ ምላስ የለኝም አትበሉኝ፣ አለኝ። የእማማ ክፍል ስደርስ ግን ጨርቅ ይዤ ገብቼ ራሴ አጸዳዋለሁ። እንዴት ብዬ ነው እናቴን የሚያክሉ ሴት «መስተዋቱ ቆሽሿል» የምለው? ያሳደገኝ ሰውስ ምን ይለኛል? ማታ ሲወጡ «ሥራዬ እንዴት ነበር፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ቆንጆ ነው እማማ፣ እጅዎ ይባረክ!» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሲመች እንዴት እንደሚመች!

ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስነዳ ስካይላይን ጎራ ብዬ እሳቸውን እወስዳለሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ የሚሏት አንዲት ነገር አለች፦ «ይቺ አገር መቼም ጉም አይለቃትም።»

ጉም የለም። ፀሐይ ናት። እኔ ግን «አዎ፣ እማማ» እላለሁ። ትልቅ ሰው ጉም ነው ካለ ጉም ነው፤ ምን አጨቃጨቀኝ? አንድ ቀን እንዲያውም ደስ እንዲላቸው ብዬ የመኪናዬን መብራት አበራሁ። «ጎበዝ! በጉም እንዲህ ነው የሚነዳ» አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ ስነዳ የኋላዬ ሰው ምን እንዳለኝ እሱ ያውቃል።

እንዲህ እያልን ስንኖር አንድ ሰኞ ከሰዓት ከታች ተደወለልኝ። አንዲት እንግዳ «ሱፐርቫይዘር አቅርቡልኝ» ብላለች። ወረድኩ። ሴትዮዋ ትክክል ነበረች፤ ገንዳው ውስጥ የሌላ ሰው ፀጉር፣ ብርጭቆው ላይ የሌላ ሰው ሊፕስቲክ። ክፍሉ የእማማ ነው፤ ያን ቀን ሁላችንም ተይዘን ማንም ከኋላቸው አልገባም፣ እኔም በችኮላ በሩ ላይ ቆሜ ነው የለቀቅኩት። «ይቅርታ፣ ይገባኛል» እያልኩ ተሰደብኩ። ስድቡስ ያልፋል። ማናጀሯ ግን ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሄዳ እማማ ያን ቀን ያጸዷቸውን ሌሎች ክፍሎች በራሷ እጅ ከፈተቻቸው።

ቢሮዋ ጠርታ በሩን ዘጋች። «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የእሷን ክፍሎች የማየው እኔ ነኝ» አለችኝ። «እንዲህ ከሆነ ላቆያት አልችልም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ሱፐርቫይዘሯ ነሽ። አታውቂም ነበር?»

ባጄን በመዳፌ ሸፍኜ ወጣሁ።

ብሬክ ሩም ገብቼ ለሴቶቹ ስነግራቸው ሁሉም ደነገጡ፣ ወዲያው ደግሞ መላ መቱ። «ሰኞ ተከፋፍለን እንሠራላቸዋለን» አለች አንዷ። «እኔ መስተዋት፣ እሷ ገንዳ፤ ማናጀሯ በሊፍት ስትወጣ ከታች ይደወልልናል።» ያ ካርታ እንደገና በመስኮት ሊሻገር ነው። እኔም እሺ አልኩ፤ ደግ ሐሳብ ነበር የመሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እማማን ስወስድ የጥቅምት ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታ፣ ዛፉ ሁሉ ቀልቶ፣ እኔ ጥቁር መነጽሬን አድርጌ እነዳለሁ። እማማ ወደ ፊት ዘንበል ብለው መንገዱን እያዩ «ዛሬስ ጉሙ ብሶበታል» አሉ።

«አዎ፣ እ…» ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

እኝህ ሴት አያዩም! እንዴት አልገባኝም? እንዴት አንዳችንም አልገባንም? እሳቸውም እኮ አያውቁም። ማን ነግሯቸው! ክፍላቸውን ስናጸዳላቸው፣ «እጅዎ ይባረክ» ስንላቸው፣ ጉም በሌለበት መብራት ሳበራላቸው፣ ዓይናቸው መድከሙን ከማናጀሯ አይደለም የደበቅነው፣ ከራሳቸው ነው። መሪውን ይዤ «ወይኔ፣ ወይኔ» ስል «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የዋሸኋቸው ያን ቀን ነው።

ማታ እራት ላይ ለልጄ ነገርኳት። ኮሌጅ ናት፣ ነገር አታወሳስብም። ሹካዋን ሳታስቀምጥ «ማም፣ ዩ አር ኸር ሱፐርቫይዘር። ጀስት ቴል ኸር» አለችኝ፤ ንገሪያትና ተገላገይ ማለቷ ነው። ጀስት! እነዚህ ልጆች ጀስት የሚሏት ቃል አለቻቸው፣ ተራራውን ሁሉ በሷ ይደለድሉታል። «አንቺ አንቱ ብለሽ የምትጠሪው ሰው ስለሌለሽ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። ሳህኗን አንስታ ሄደች። ሳህን ሳጥብ ግን ስለ ልጄ ሳይሆን ስለ እማማ አሰብኩ። ሰኞን በደቦ ብናልፋት ማክሰኞስ? አንድ ቀን መንገድ ሲሻገሩስ? የሚመጣውን አውቶቡስ ባያዩትስ?

ጠዋት እማማ የመጀመሪያ ክፍላቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁ።

«እማማ፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

«አቤት ልጄ።»

«ይኼ መስተዋት አልጠራም።»

የሰሙ አልመሰሉም። «ምን አልሽ?»

«መስተዋቱ አልጠራም። ገንዳው ውስጥም ፀጉር ቀርቷል።»

«የታለ?» ብለው ገንዳው ላይ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ገንዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አላዩትም። ከዚያ መዳፋቸውን በዝግታ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱትና ፀጉሯን በጣታቸው አገኟት። ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል፣ እማማ።»

«እና እስከ ዛሬ?»

«እኛ… ከኋላዎ እየገባን እናነሳው ነበር።»

«እኔ እየሠራሁ መስሎኝ፣ ለካ እናንተ ስታጫውቱኝ ኖራችኋል!» ያንኑ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «‹እጅዎ ይባረክ› የምትዪኝ ይኼን እጅ ነው? ሹመት አገኘሽና እኔ ላይ ጀመርሽው?»

«እማማ፣ ጉም የለም።»

ጨርቃቸውን ከገንዳው ዳር አነሱ።

«ዛሬም ጉም የለም፣ ትናንትም አልነበረም። ፀሐይ ናት። እኔ ነኝ ‹አዎ› ስልዎ የነበርኩት።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከውጭ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ቆመው ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና ጨርቃቸውን ጋሪው ላይ አድርገው ወጡ። እኔ አንሶላ መጋዘን ገብቼ፣ ያ ቢሮዬ ነው ያልኩት ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሴቶቹ ሲሰሙ አኮረፉኝ። «ምናለ ዝም ብትዪ! ተስማምተን አልነበረም?» አለችኝ ያቺ እልል ያለችልኝ። «ባጅ ሰውን ይለውጣል ይባላል፤ እንዲህ ቶሎ ግን አልመሰለኝም።» እማማም ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬን ተዉት። ጠዋት ስካይላይን ሳልፍ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው አያለሁ። ቀረብ ብዬ መስኮት አወርዳለሁ። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ!» ድምፄን ያውቃሉ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል፣ ወደ እኔም አይዞሩም። ከኋላ ክላክስ ሲበዛብኝ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ሲመጣ ቁጥሩን ከጎናቸው ያለውን ሰው ሲጠይቁ በመስተዋቴ አየኋቸው። ያን ቀን እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ እያለቀስኩ ነዳሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «የዓይን ሐኪም የምታውቂው አለ?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ አለ፣ እማማ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ልጅ ቀጠሮ ክፍል ትሠራለች።»

«አስይዢልኝ። አንቺው ውሰጂኝ። መኪና ውስጥ ግን እንዳታናግሪኝ።»

«እሺ፣ እማማ።»

አላናገርኳቸውም። ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ሙሉ ሬዲዮ እንኳ ሳልከፍት ነዳሁ። ልጅቷ በሰው ቀጠሮ መሀል አስገባችልን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ አየ፣ ደግሞ አየ። እኔ አስተረጉማለሁ። ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ይነሳል፣ ቀላል ነው፤ ቢተው ኖሮ ግን እየባሰ ሄዶ መንገድም ይከለክል ነበር አለ። ከዚያ «ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡ። «ጉም ነው የመሰለኝ በይው» አሉኝ።

ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ስንቴ ጀምሬ በእንባ አቋረጥኳት! ሐኪሙ ሶፍት አቀበለኝ። ስንወጣ እማማ ክንዴን ያዙ። ይቅርታም አላሉኝ፣ አልተቆጡኝም፤ ክንዴን ያዙ። ለእኔ በቂ ነበር።

ከሰኞ በፊት ማናጀሯ ጋ ገባሁ። ያን ቃል በራሴ አፍ ስለ ራሴ ያልኩት ያኔ ነው፤ «ሱፐርቫይዘሯ ነኝ» አልኳት፣ «ያልነገርኩሽ ነገር አለ።» ደቦውን፣ መስተዋቱን፣ ዓይናቸውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ኦፕሬሽን እስኪያደርጉና እስኪያገግሙ ቦታቸው ይጠበቅላቸው አልኳት። እምቢ ካለች ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ማናጀሯ «እናቴም እንዲህ ነበረች» አለች። ቀጥላ ግን ጣቷን አነሳች። «ይጠበቅላታል። በተመለሰች ቀን የሠራችውን ክፍል እኔ አየዋለሁ። ያን ቀን አንዳችሁ እጃችሁን ብታስገቡ እሷንም ያገዘቻትንም አሰናብታለሁ። አንቺንም።»

መጀመሪያ አንዱ ዓይን፣ ቆይቶ ሌላው ተነሳ። በሕመም ፈቃዳቸው ጊዜ ያኮረፉኝ ሴቶች ተራ ገብተው ምግብ አመላለሱ፤ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያስታውሳቸው ሰው ተመደበ። ያቺ እልል ባይዋ ስካይላይን በር ላይ ስንገናኝ «አፌ ነው እንጂ ልቤ እኮ አንቺው ጋ ነበር» አለችኝ። አፏንም ልቧንም እናውቃቸዋለን፤ ታረቅን።

ወደ ሥራ የተመለሱ ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ሳያስሩ ፊቴን ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አንቺ! ሸብተሽ የለም እንዴ!»

«ኸረ እማማ!»

«እኔ እኮ ልጅ ነች እያልኩ ነው ‹ልጄ› የምልሽ። ለካ ባልቴት ነው ሹፌር ያደረግኩት።» እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ የሱቅ ምልክት ሲያነቡልኝ፣ የሰው ውሻ ሲያሙልኝ ሄድን። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ግን ምልክት ማንበቡን ተዉት። ማየት አንድ ነገር ነው፣ ሥራው ደግሞ ሌላ፤ ጉልበታቸው ከእረፍት በኋላ ይችል አይችል ማን ያውቃል?

ሴቶቹ የራሳቸውን ፎቅ እየተዉ በሰበቡ ሁሉ የእማማ ኮሪደር ላይ ይመላለሳሉ። አንዷ ፎጣ ጎደለኝ ትላለች፣ አንዷ ጋሪዬ ተሰበረ ትላለች። አባረርኳቸው። እማማ የገቡበት ክፍል በር ከውስጥ ተዘግቷል፤ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሰማል። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

በሩ ተከፈተ። እማማ ብቅ ብለው፣ ኮሪደሩን ሙሉ በሚያስተጋባ ድምፅ «ሱፐርቫይዘር!» ብለው ጠሩኝ። «ነይ፣ እይልኝ።»

ገባሁ። በሩ አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። አልጋውን አየሁ፤ ሳንቲም ብትጥሉበት ይነጥራል። መስተዋቱን አየሁ፣ ራሴን አየሁበት፣ ሽበቴንም። ገንዳው ንጹሕ ነው። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት አነሳሁ፤ ጥሩ ነበሩ። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል መታጠቢያው ቧንቧ ላይ፣ ልክ መክፈቻው ሥር፣ የደረቀ ሳሙና አየሁ። ትንሽ ናት፣ የጥፍር ታህል። ማናጀሯ ግን ታያታለች።

በዚያው ቅጽበት ሊፍቱ ጮኸ። የጫማዋን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በኮሪደሩ እየመጣች ነው።

እጅጌዬ መዳፌ ላይ መጥቷል። ሳብ አድርጌ አንዴ ጠረግ ባደርጋት አለቀ፤ ማንም አያይም። እማማ ከበሩ ሆነው ያዩኛል። እጄ አየር ላይ ቆመች። ወደ ታች መለስኳት።

«እማማ» አልኩ፣ «ቧንቧው ላይ ሳሙና ቀርቷል።»

መጡ። በራሳቸው ጨርቅ ጠረጉት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስኪያብረቀርቅ። ከዚያ ቀና ብለው በእነዚያ አዲስ ዓይኖቻቸው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እጅጌሽ ትቀድም እንደሆነ ወይ አፍሽ፣ ልይ ብዬ ነው።»

ጨርቃቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና የማናጀሯ ኮቴ ወደቆመበት በር አመለከቱኝ።

«በይ፣ አሁን ትግባ።»